ሦስት ሴቶች፣ አንድ ቤትና ሃያ አንድ ቶን ጨው



ባለፈው ዓመት ለጠቅላላ ጉባኤ ባቀረብነው የሒሳብ ሪፖርት መጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት አጭር መስመር ነበረች። «ከመዝገብ የተሰረዘ ንብረት፦ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፣ 21,400 ብር፣ ያልተሳካ» ትላለች። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ሱፍ ለማጠብ ሙቅ ውሃ እንዲኖረን ተብሎ ከሥራ ቦታችን ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ጥቁር በርሜል ነው። አንድ በጋ በደንብ ሠራ። በሁለተኛው በጋ ማፍሰስ ጀመረ፤ ከዚያ ወረደ። ሐሳቡን ያመጡት፣ ሠራተኛ ያፈላለጉትና ጣሪያ ድረስ ወጥተው ያሠሩት አንድ አንጋፋ አባላችን ናቸው። ሁላችንም እትዬ ብለን የምንጠራቸው። ያች መስመር በጉባኤው ፊት ከተነበበች ወዲህ ስብሰባ ላይ አይተናቸው አናውቅም።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ኦዲተሩም አልፎታል። «ያልተሳካ» የምትለው ቃል ግን ስትከነክነኝ ከረመች። ስለ ፀሐይ ሙቀት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ከዛሬ ሰባ ምናምን ዓመት በፊት በአሜሪካ ሦስት ሴቶች የሠሩትን ቤት ታሪክ ያገኘሁትም ያኔ ነው። ታሪኩ ከእኛ በርሜል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስላለ ለጋዜጣችን ልጻፈው አልኩ።

ፀሐይ በቀን፣ ብርድ በሌሊት

ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው የችግሩን ምንነት ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሲመሽ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ሙቀቱ አለ፤ የሚያስፈልገን ሰዓት ላይ ግን የለም። ገንዘብ ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሲገኝ አስቀምጦ ሲቸግር ማውጣት ነው። እቁባችንም ቁጠባችንም የተመሠረተው በዚሁ ነው። ሙቀትን ግን በምን ሣጥን ያስቀምጡታል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስትፈልግ ዕድሜዋን የጨረሰች አንዲት ሴት ነበረች። ማሪያ ቴልክስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1900 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደች። በ1924 ከዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በፊዚካል ኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘች። ብዙም ሳይቆይ ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ የሕክምና ተቋም በተመራማሪነት ሠራች፤ በ1937 ዜግነት ወሰደች። በ1939 ደግሞ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ.፣ የፀሐይን ኃይል ለማጥናት ካቋቋመው ቡድን ጋር ተቀላቀለች። ለጥናቱ ገንዘቡን የሰጠው ጎድፍሬይ ካቦት የሚባል ባለሀብት ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከባቸው ሰምጦ በጎማ ጀልባ ላይ ለሚንሳፈፉ ሰዎች የሚሆን መሣሪያ ሠራች። የባሕሩን ጨዋማ ውሃ በፀሐይ አትንኖ የሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ፣ ተጣጥፎ የሚያዝ ቀላል ዕቃ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ሐሳቧ ወደ ቤት ማሞቂያ ተመለሰ።

ጨዉ እንዴት ሙቀት ይይዛል?

ኤም.አይ.ቲ. የመጀመሪያውን የፀሐይ ቤት በ1939 ሲሠራ ሙቀቱን ያጠራቀመው በውሃ ነበር። ከቤቱ ሥር ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ተቀበረ። ውሃ ሞኝ ምርጫ አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ አይበላሽም። ችግሩ ብዛቱ ነው። የብርዱን ወራት የሚያሻግር ሙቀት ለማስቀመጥ የቤቱን ያህል ቦታ የሚይዝ ጋን ያስፈልጋል።

ቴልክስ በውሃ ፈንታ ጨው አለች። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው አይደለም። ኬሚስቶች ሶዲየም ሰልፌት የሚሉት ሲሆን፣ በደረቁ ሳይሆን ውሃ አዝሎ እንደ ክሪስታል የረጋው ዓይነት ነው። ዮሃን ግላውበር የተባለ ጀርመን ተወላጅ ኬሚስት በ17ኛው መቶ ዘመን «ተአምረኛው ጨው» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ዛሬም በእሱ ስም የግላውበር ጨው ይባላል። ለረጅም ዘመን ሆድ ማጽጃ መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል። በእጅ ሲይዙት ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ100 ኪሎው 56 ኪሎ ያህሉ በክሪስታሉ ውስጥ የታሰረ ውሃ ነው።

ይህ ጨው 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። ሲቀልጥ ብዙ ሙቀት ይውጣል፤ የራሱ ሙቀት መጠን ግን ከፍ አይልም። ማታ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል፤ ሲረጋም የዋጠውን ሙቀት ይመልሳል። 32 ዲግሪ ደግሞ ክፍል ለማሞቅ የተመቸ ነው፤ ፀሐይ በቀላሉ ትደርስበታለች፣ ሰውንም አያቃጥልም።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንድ ኪሎ ውሃ ከ27 ወደ 37 ዲግሪ ሲሞቅ 42 ኪሎ ጁል ያህል ይይዛል። አንድ ኪሎ የግላውበር ጨው ሲቀልጥ ብቻ ወደ 250 ኪሎ ጁል ይይዛል፤ ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። ጨዉ ከውሃ ስለሚከብድ የሚይዘው ቦታ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። አያቶቻችን አሞሌ ጨውን እንደ ገንዘብ ያስቀምጡ ነበር፤ ይህች ሴት ደግሞ በጨው ሙቀት ልታስቀምጥ ተነሣች።

ሦስቱ ሴቶች

በተቋሙ ያሉ ባልደረቦቿ በሐሳቧ አልተስማሙም። ጨዉ ደጋግሞ ሲቀልጥና ሲረጋ እንደማያስተማምን በራሳቸው ሙከራ አይተናል አሉ። ቡድኑን የሚመራው ሆይት ሆተል ወደ ውሃው ያደላ ነበር። ቴልክስ ግን አልተወችውም። በተቋሙ ገንዘብ ካልሆነ በሌላ ይሠራል አለች።

ገንዘቡን ያገኘችው ከአንዲት ሴት ነው። አሚሊያ ፒቦዲ የቦስተን ሀብታም ቤተሰብ ልጅ፣ በሙያዋ ቀራፂ ነበረች። ከቦስተን ብዙ በማይርቀው በዶቨር ሰፊ መሬት ነበራት። የቤቱን ንድፍ የሠራችው ደግሞ አርክቴክት ኤሌኖር ሬይመንድ ናት። ሬይመንድ ከዚያ በፊትም በአዳዲስ የግንባታ ዕቃዎች ለፒቦዲ ቤቶች ሠርታላት ስለነበር ሁለቱ ሴቶች ተላምደዋል። አንዷ ያልተሞከረ ነገር ለመሞከር አትፈራም፤ ሌላዋ ለሙከራ ገንዘብ ለማውጣት አትፈራም። ሳይንሱን ይዛ የመጣችው ቴልክስ ሦስተኛ ሆነች።

ለጋሾቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ፒቦዲ ለቤቱ ያወጣችው ገንዘብ ወደ 20,000 ዶላር እንደሚደርስ ተጽፏል፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ቤቱ እንደሚሠራ ማንም ዋስትና አልሰጣትም። የገዛችው ሙከራውን ነው።

በዶቨር የቆመው ቤት

ቤቱ በ1948 አለቀ። ወርዱ ጠባብ፣ ርዝመቱ ረጅም ነው፤ ክፍሎቹ ሁሉ ፀሐይ ወደምትገኝበት ወደ ደቡብ ይመለከታሉ። የላይኛው ፎቅ የደቡብ ፊት ከዳር እስከ ዳር 18 ትላልቅ መስኮቶች የተደረደሩበት ነው። ከውጭ ሲታዩ መስኮት ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከመስተዋቱ ኋላ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ አለ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግለዋለች፤ በቆርቆሮው ዙሪያ ያለው አየር ይሞቃል፤ ማራገቢያ ያንን አየር በቱቦ ወደ ታች ይነዳዋል። ታች በክፍሎቹ መካከል ባሉ ግድግዳዎች ውስጥ ጨዉ የታሸገባቸው በርሜሎችና ጣሳዎች ተደርድረዋል። ጠቅላላው ጨው 21 ቶን ነበር።

የአሜሪካው ቶን ከእኛው ስለሚያንስ 21 ቶኑ ወደ 19,000 ኪሎ ይሆናል። ይህን በ250 ኪሎ ጁል ስናባዛው ሁሉም ጨው ሲቀልጥ የሚይዘው ሙቀት ከ1,300 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ቁጥሩ ለእኛ እንዲገባን በእንጀራ ምጣድ ልመንዝረው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳይጠፋ 370 ሰዓት ያህል የሚጋገርበት ኃይል ማለት ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ለአሥር ቀን ያህል ቤቱን እንዲያሞቅ ነበር የታሰበው። መደበኛ የነዳጅ ምድጃ አልተገባለትም።

የገቡበት የቴልክስ ዘመዶች የሆኑ ባልና ሚስት ከልጃቸው ጋር ናቸው። እነሱም እንደ እሷ ከሃንጋሪ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የገቡት በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1948፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 15 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። የዚያ አገር ታኅሣሥ በረዶ የሚወርድበት ወር ነው። ቤቱ ሞቀ። ወሬው ተሰማ፤ ጋዜጠኞች መጡ፣ መጽሔቶች ጻፉ፣ ተመልካች ቤቱን ለማየት ጎረፈ። ቴልክስን «የፀሐይ ንግሥት» አሏት።

ሦስተኛው የብርድ ወቅት

ሁለት የብርድ ወቅት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ግን ቤቱ መቀዝቀዝ ጀመረ።

ምን ሆነ? በሶ በውሃ በጥብጣችሁ ሳትጠጡት ብታስቀምጡት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ዱቄቱ ከታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ከላይ ይቀራል። የግላውበር ጨውም እንዲሁ ነው። ሲቀልጥ የወጣው ውሃ ጨዉን በሙሉ የማሟሟት አቅም የለውም፤ ከፊሉ ጨው ደረቁን ከበርሜሉ ግርጌ ይቀመጣል። ማታ ተመልሶ ሊረጋ ሲል ከታች ያለው ጨው ከላይ ያለውን ውሃ አያገኘውም። ስለዚህ በየዕለቱ የሚመለሰው ሙቀት ጥቂት በጥቂት እያነሰ ይሄዳል። በሶ ቢሆን በማንኪያ እናማስለዋለን፤ በግድግዳ ውስጥ የታሸገ 21 ቶን ጨው ግን ማን ያማስለዋል?

ሁለተኛው ችግር በርሜሎቹ ናቸው። ጨዉ ብረቱን በላው፤ ዝገው ማፍሰስ ጀመሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጨዉ ወጣ፤ በቦታው ተራ የነዳጅ ማሞቂያ ተተከለ። ቴልክስም በ1953 ከኤም.አይ.ቲ. ተሰናበተች።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ቴልክስ ጥፋት የለባትም ብዬ አልከራከርም። ባልደረቦቿ ያነሡት ሥጋት ትክክል ነበር። ጨዉ በትንሽ ዕቃ ሲሞከር የሚያሳየው ጠባይና 21 ቶን ሆኖ ለዓመታት ሲመላለስ የሚያሳየው ጠባይ አንድ አይደለም። እሷ ለቤቱ ቸኩላለች። እኔም በቦታው ኖሬ መዝገቡን ብይዝ ኖሮ ያንን 21 ቶን ጨው «ያልተሳካ» ብዬ እዘጋው ነበር።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ

ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም።

ከጨዉ ችግሮች አንዱ ቀዝቅዞም አለመርጋቱ ነው። ከ32 ዲግሪ በታች ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ካልረጋ ደግሞ ሙቀቱን አይመልስም። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይነሣ ሁሉ ይህም ማስጀመሪያ ይፈልጋል። ቴልክስ በ1952 ባሳተመችው ጥናት ቦራክስ የተባለ ሌላ ጨው በጥቂቱ ቢጨመርበት እርሾ እንደሚሆነው አሳየች። ይህ ግኝት ዛሬም ድረስ በዘርፉ ተመራማሪዎች ይጠቀሳል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴት መሐንዲሶች ማኅበር የስኬት ሽልማቱን ሲጀምር የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እሷ ነበረች።

በ1953 ወደ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ፎርድ ፋውንዴሽን 45,000 ዶላር ሰጣትና በፀሐይ የሚሠራ ምድጃ ሠራች፤ በድሃ አገሮች ያለ ሰው በርካሽ ሊሠራውና ሳይቃጠል ሊጠቀምበት እንዲችል የታሰበ ነበር። ማገዶ የተሸከመች ሴት ሁሉ ጥቅሙ ይገባታል። በ1970ዎቹ ደግሞ ወደ ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ አቀናች። በዚያ በ1973 ሶላር ዋን የተባለ ቤት ተሠራ፤ ከፀሐይ ኤሌክትሪክም ሙቀትም የሚያገኝ ነው። ሙቀቱ የሚጠራቀመው እንደገና ውሃ ባዘለ ጨው ነበር። ዕድሜዋ ከሰባ አልፎም ያንኑ ጥያቄ ይዛ ነበር ማለት ነው።

ከእሷ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጨዉ እንዳይዘቅጥ እንደ ሙቅ የሚያወፍሩት ነገሮችን መጨመር ተማሩ። ጥልቅ በርሜል ትተው ጨዉን በስስ ዕቃ ማሸግ ጀመሩ፤ ስስ ከሆነ ውሃውና ጨዉ ብዙ አይራራቁም። ብረቱን ትተው በፕላስቲክ ያዙት። ውሃ አዘል ጨዎችን በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ አድርጎ ሕንፃን የማሞቅና የማቀዝቀዝ ሥራ ዛሬም ይጠናል። ኪስ ውስጥ ተይዞ እጅ የሚያሞቀው፣ ውስጧ ያለችው ቆርቆሮ ጠቅ ስትደረግ የሚግለው ከረጢትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሶዲየም አሲቴት የተባለ ውሃ አዘል ጨው ነው ያለበት።

እነዚህ መፍትሔዎች ሁሉ የተፈለጉት ችግሩ ስለታወቀ ነው። ጨዉ በእውነተኛ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየኖረበት፣ ለዓመታት ሲመላለስ ምን እንደሚሆን በዶቨር ታየ። የዘቀጠውም የዛገውም ተጽፎ ተቀመጠ።

ቴልክስ በ1995 ለጉብኝት በሄደችበት በተወለደችባት ከተማ በቡዳፔስት አረፈች። 95 ዓመት ሊሞላት አሥር ቀን ቀርቷት ነበር። በ2012 ስሟ በአሜሪካ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

ወደ በርሜላችን ስመለስ

ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኛን በርሜል ፋይል አውጥቼ አየሁት። ደረሰኞቹ አሉ፤ የቃለ ጉባኤው ቅጂ አለ። ምን እንደተበላሸ የሚናገር አንድም ወረቀት የለም። ዶቨር ላይ ተጽፎ የተቀመጠው ነገር፣ እኛ ጋ አልተጻፈም።

ከደረሰኞቹ ጋር ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ተያይዞ አገኘሁ። አንደኛው ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተነከረ አዲስ በርሜል ሲሆን 9,000 ብር ነው። ሁለተኛው ያገለገለ በርሜል፣ 3,500 ብር። ከሥር «ባነሰው ዋጋ ይገዛ» ይላል። ፊርማው የኔ ነው።

ባለፈው እሑድ እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ወረቀቱን ሳሳያቸው አነበቡትና መልሰው ሰጡኝ። «አዲሱ ይገዛ ብዬ ነበር እኮ ልጄ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ትንሽ ቆይተው ግን በርሜሉ እንዴት እንደተበላሸ አንድ በአንድ ነገሩኝ። መጀመሪያ የተሰነጠቀው የቧንቧው መገጣጠሚያ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ሲመታው በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ይሠራል። ማታ ማታ ቧንቧውን ማንጠፍ ያስፈልግ ነበር፤ ተራ የወጣለት ሰው ግን አልነበረም። ዝገቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ ሆነ።

ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከመዝገብ ለምንሰርዘው ማንኛውም የሙከራ ሥራ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተበላሸና ለምን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ከሒሳቡ ጋር እንዲያያዝ። ለጋሾቻችን ኪሳራውን ብቻ ሳይሆን በኪሳራው የተገኘውን እውቀትም የማየት መብት አላቸው፤ ገንዘቡ የእነሱ ነው። ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት ሪፖርት ላይ «ያልተሳካ» ያልኩት ቃል በሚከተለው እንዲታረም፦ «አንድ በጋ ሠርቶ በውርጭና በዝገት የቆመ፤ ያገለገለ በርሜል እንዲገዛ የወሰነው የሒሳብ ክፍሉ ነው።» 21,400 ብሩ እንዳለ ይቀራል። ቁጥር አላስተካክልም።

ሁለቱ ገጾች ቢሮ ውስጥ ናቸው፤ ማንበብ የምትፈልጉ ኑ። እትዬንም ለጉባኤው ጠርቻቸዋለሁ። እመጣለሁም አልመጣምም አላሉኝም። ጎረቤቶቻቸው የሆናችሁ በዚያ ቀን ጠዋት ጎራ ብላችሁ አብራችኋቸው ብትመጡ ደስ ይለኛል።